ባቡርን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ለቤተ ሰብ ከሚስማሙት የዕረፍት ጊዜ ሥራዎች አንዱ ባቡርን በፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ድካሙ እንደ አደን አይበዛም፤ ትዕግሥቱ ግን የአዳኝ ትዕግሥት ነው፤ ብዙ ሰዓት የተጠበቀው ባቡር በዐይን ጥቅሻ ያልፋልና።

ባቡር ለመንገደኛና ለዕቃ እንጂ ለሥዕል ምን ይረባል የሚሉ አይጠፉም። ለእነዚህ መልስ ይሆን ዘንድ ዊንስተን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ የሠራውን እንተርካለን፤ ዘመኑንም ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሊንክ በ1914 በብሩክሊን ተወለደ፤ እንጀራውም ለንግድ ቤቶች ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። በጥር 1955 በሥራ ምክንያት ወደ ቨርጂኒያ ሄዶ ሳለ በዌይንስቦሮ ጣቢያ የኖርፎክና ዌስተርን ኩባንያ ባቡር በእንፋሎት ሲሄድ አየ። በዚያ ጊዜ ሌሎቹ የአሜሪካ ታላላቅ የባቡር ኩባንያዎች በናፍጣ ወደሚሠራው ሞተር ተዛውረው ነበር፤ በድንጋይ ከሰልና በእንፋሎት ጸንቶ የቀረው ይህ ኩባንያ ነው። እርሱም ብዙ እንደማይቆይ ሊንክ ስለ ተረዳ ከኩባንያው ፈቃድ ለምኖ አገኘ፤ ደመወዝ ግን አልጠየቀም። እስከ 1960 ድረስ በገዛ ገንዘቡ ከኒው ዮርክ እየተመላለሰ 2,400 ያህል ፎቶግራፍ አነሣ።

የሚያስደንቀው አብዛኛውን የታወቀ ሥራውን በሌሊት መሥራቱ ነው። ፀሐይን ወደሚፈልገው ስፍራ ማዞር፥ ሐዲዱንም ማንሣት አይቻለውም፤ በጨለማ ግን ብርሃኑን ራሱ ያዝዛል፤ ነጩም እንፋሎት በጥቍር ሰማይ ላይ እንደ ደመና ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በሐዲዱ ዳር፥ በዛፉና በቤቱ ጥግ፥ በብዙ መቶ ክንድ የሚቈጠር ሽቦ እየዘረጋ የብልጭታ አምፑሎች ያቆም ነበር። አምፑሎቹ አንድ ጊዜ ከበሩ በኋላ አያገለግሉም፤ ስለዚህ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ሁሉም እንዳይበሩ በተርታ አያያዛቸው። ግማሹ በርቶ ግማሹ ከሚጨልም ምንም ባይበራ ይሻላል ብሎ ነው። ባቡሩም ለእርሱ ብሎ ተመልሶ አይመጣምና ከብዙ ሰዓት ዝግጅት በኋላ የሚያገኘው አንዲት ቅጽበት ነበረች።

ከሁሉ የታወቀው ሥዕሉ በ1956 በዌስት ቨርጂኒያ በአየገር ከተማ የተነሣው ነው። በዚያ ሕዝቡ በየአውቶሞቢሉ ተቀምጦ በሜዳ ላይ ሲኒማ ሲያይ ባቡሩ ከበስተ ጀርባ እየጨሰ ያልፋል። ለዚህ ከ40 የሚበልጡ አምፑሎች በአንድ ጊዜ በርተዋል። ብርሃኑ ስለ በረታ በሸራው ላይ የነበረው የሲኒማ ሥዕል ጠፋ፤ ሊንክም በኋላ ከሌላ ኔጋቲቭ የአይሮፕላን ሥዕል አምጥቶ በባዶው ሸራ ላይ አተመው። ይህን ማታለል ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ሸራው ባዶ ስላልነበረ ነቀፋው ከባድ ሆኖ አልታየንም።

ለቤተ ሰብ ገጽ ይህን ነገር ያመጣንበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሊንክ ብረቱን ብቻ አላነሣም፤ በሳሎን የተቀመጡ ሰዎችን በመስኮት ከሚታየው ባቡር ጋር፥ በወንዝ የሚዋኙ ልጆችን ከድልድዩ ባቡር ጋር አንድ አድርጎ አኖራቸው። በ1960 የእንፋሎቱ አገልግሎት ሲቆም፥ ከሞተሩ ጋር ያ ኑሮ ደግሞ አለፈ። ሊንክ በ2001 ሞተ፤ ሥዕሎቹም ከ2004 ጀምሮ በሮአኖክ ከተማ በዚያው ኩባንያ የቀድሞ የመንገደኞች ጣቢያ ውስጥ በሙዚየም ይታያሉ።

በአገራችንም ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ተመረቀ። በለገሃር ደረጃ ላይ ሙሽራ ሲሸኝ፥ ልጅ ለትምህርት ሲሄድ የተነሣ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ግን ስምም ዘመንም የላቸውም። አያቶች በሕይወት ሳሉ ማን እንደ ሆነና በየት እንደ ተነሣ ጠይቆ በስተ ጀርባው በለስላሳ እርሳስ መጻፍ ይገባል፤ ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻልና።

አዲስ ሥዕል ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በእጅ ስልክም ቢሆን ይቻለዋል። አስቀድሞ ከጣቢያው ሹም ፈቃድ ይቀበል፤ በሐዲዱም ላይ ከቶ አይቁም፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር ድምፁ ሳይሰማ ይደርሳልና። ፀሐይን በጀርባው አድርጎ በመታጠፊያው አጠገብ ከሩቅ ቢቆም ፊቱንም ጎኑንም ያገኛል። ባቡሩ ሲያልፍ መሣሪያውን ከእርሱ ጋር በእኩል ፍጥነት ቢያዞር ባቡሩ ጠርቶ፥ ከኋላው ያለው አገር ደብዝዞ ይወጣል። ይህ በመጀመሪያው ቀን አይሳካም። ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው እጃቸውን አጥብቆ የሚይዝ ሌላ ዐዋቂ ይጨምር፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ዐይኑ በመሣሪያው ላይ ነውና።