የማስጠንቀቂያው ሦስተኛ አንባቢ

ካሴቱ ዴክ ውስጥ ገብቶ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ነጭ ፊደል የሰፈረበት ሰማያዊ ወይም ጥቁር መደብ ብቅ ይል ነበር። ካሴቱ በሻንጣ ተይዞ በቦሌ አየር ማረፊያ የገባ የአሜሪካ ፊልም ከሆነ የኤፍቢአይን ማኅተም አስቀድሞ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ያስታውሳል። የአማርኛ ፊልም ከሆነ ደግሞ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ እንደሚያስቀጣ ይናገራል። ተመልካቹ ሁለቱንም አሳልፎ ወደ ታሪኩ ስለሚገባ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ነው ቢባል አያስገርምም። ነገር ግን ጽሑፉ ሦስት አንባቢ አለው፤ ተመልካቹ፣ አባዡና ዳኛው። ዋጋው የሚታወቀው ሦስተኛው ፊት ሲቀርብ ነው።

በውጭው ካሴት እንጀምር። ኢትዮጵያ በቪዲዮ ካሴት ዘመን የቅጂ መብትን የሚመለከተው የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ የአሜሪካው ፊልም ባለቤት እዚህ ከስሶ የሚመካበት ዓለም አቀፍ ውል አልነበረውም፤ ኤፍቢአይም አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን የለውም። ምስሉ ራሱ እንግዳ ነበር፤ የአሜሪካ ካሴት ኤንቲኤስሲ በሚባለው የምስል ሥርዓት ተቀርጾ ይመጣል፣ የእኛ ቴሌቪዥን የሚሠራው ግን በፓል በመሆኑ ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ይፈለግ ነበር። የከተማችን ሰው ማስጠንቀቂያን መጀመሪያ የለመደው እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ፊልሙ መክፈቻ ጌጥ ቢሆን የሚፈረድበት አይደለም።

ወደ አገር ውስጡ ፊልም ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ባይጻፍም መብቱ አይጎድልም። ታዲያ ጽሑፉ ምን ይሠራል? መልሱ ያለው አዋጁ ሲወጣ በነበረው አንቀጽ 36 ላይ ነው። መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአባዡ ሐሳብ ነው። «ባለቤት ያለው አልመሰለኝም» የሚል ተከሳሽ የባለቤቱ ስም ከፊልሙ መግቢያ ላይ ተጽፎ ከተገኘ መከላከያው ይሳሳበታል።

«ማባዛቱን መቼ አስቆመው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አላስቆመም። ፊልም ሠሪዎቹም በጽሑፉ ብቻ አልተማመኑም፤ ሥራቸውን ቶሎ በቪሲዲ ከማውጣት ይልቅ እንደ ቦሌው ዓለም ሲኒማና እንደ ኤድና ሞል ባሉ አዳራሾች ማቆየትን መርጠዋል። ሆኖም ጽሑፉ ቁልፍ ሳይሆን የስም ምልክት ነው። ሁለት ዴክ በገመድ ተያይዞ ካሴት ሲገለበጥ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይገለበጣል። ከቅጂ ቅጂ በተወሰደ ቁጥር የነጩ ፊደል ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ወደ መደቡ ይፈስሳል፤ ካሴቱ ከዋናው ስንት እጅ እንደራቀ ከፊደሉ መገመት ይቻል ነበር። የተሰረቀው ዕቃ የባለቤቱን ስምና የራሱን ዕድሜ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ ይበልጥ የሚከብድ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ከሕጉ በላይ ይጮኻል። «በማንኛውም መልኩ» እያለ ይከለክላል፤ አዋጁ ግን ከተወሰኑ ሥራዎች በስተቀር ግለሰብ ለራሱ መገልገያ ብቻ አንድ ቅጂ ቢወስድ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል በአንቀጽ 9 ይናገራል። የአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ሶኒ ኩባንያ በተከሰሰበት ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የቴሌቪዥን ፕሮግራምን ቆይቶ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ጥፋት አይደለም ብሏል። ይህ ነቀፋ ተገቢ ነው፤ ሁሉን የሚከለክል ጽሑፍ ለገልባጩ ሱቅና ለቤተሰቡ አንድ ዓይነት ስለሚናገር ሁለቱም ይንቁታል። የሚፈርሰው ግን ግነቱ ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የተሠራበት ዓመትና ለንግድ ማባዛት መከልከሉ በአጭሩ ቢጻፍ ለዳኛው ይበቃዋል።

ዲቪዲ ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ወደ ፍላሽ የሚጭነው ሰው ዋናውን ፊልም ብቻ ወስዶ እሱን ይተወዋል። የባለቤቱ ስም ከመግቢያው ሲባረር ወደ ምስሉ ውስጥ ገባ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ ፊልም ጥግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚቆመው አርማ የዚያ ሰማያዊ መደብ ልጅ ነው፤ አይዝትም፣ የማን እንደሆነ ብቻ ይናገራል።