የመኪና ቦዲ ኮምፒዩተር ንግድና የነጋዴው ኀላፊነት

በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ የተሰማራ ነጋዴ ሁሉ ከቀድሞ ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም የዕቃው ልክና ቁጥር ከመኪናው ጋራ ከተስማማ ዕቃው ያገለግላል የሚል ነው። የፍሬን ሸራ፥ የዘይት ማጣሪያና የውሃ ፓምፕ በዚህ ደንብ ይገዛሉ፤ ይሸጣሉ። የዛሬው መኪና ግን ይህ ደንብ ብቻውን የማይበቃው ዕቃ በውስጡ ይዟል። እርሱም በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድ «ቢሲኤም» ወይም «ቦዲ ኮምፒዩተር» ተብሎ የሚጠራው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ነው። ይህን ዕቃ እንደ ፍሬን ሸራ ቈጥሮ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡንም ደንበኛውንም አብሮ ሊያጣ ይችላል።

የሣጥኑ ሥራ

ቀድሞ በተሠሩት መኪናዎች ውስጥ እያንዳንዱ መብራት፥ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ ከየማብሪያው የሚነሣ የራሱ ገመድ ነበረው። የኤሌክትሪኩ ዕቃ እየበዛ ሲሄድ ገመዱም እየከበደና እየተወሳሰበ መጣ። ስለዚህ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ብዙ ኮምፒዩተሮች በሁለት ገመዶች መልእክት የሚለዋወጡበትን «ካን» የተባለ ዘዴ አውጥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ለባለሙያዎች ጉባኤ አቀረበ። ዘዴው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመኪናዎች ላይ መሠራት ጀምሮ እነሆ ዛሬ የተለመደ ሆኗል።

በዚህ ዓይነት በተሠራ መኪና ላይ ነጂው የፍሬቻውን ማብሪያ በነካ ጊዜ ማብሪያው ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ አምፑሉ አይልክም፤ ለሣጥኑ ትእዛዝ ያቀብላል እንጂ። ሣጥኑም ትእዛዙን ተቀብሎ መብራቱን ያበራል፤ በሩን ይቈልፋል፤ መስተዋቱን ያወርዳል። ከዚህም በላይ በብዙ ሞዴሎች ላይ ቁልፉ የባለቤቱ መሆኑን አረጋግጦ ሞተሩ እንዲነሣ የሚፈቅደው የስርቆት መከላከያ በዚሁ ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

ሣጥኑ ከመለወጡ በፊት

መብራቶች ያለ ትእዛዝ ሲበሩ፥ በሮች በራሳቸው ሲቈለፉ፥ ባትሪው አድሮ ሲሞት ወይም ቁልፉ አልታወቅ ሲል ብዙ ሰው ጥፋቱን ወዲያውኑ በሣጥኑ ላይ ያደርጋል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፥ ምርመራው ከሥሩ ካልተጀመረ ደኅናው ዕቃ ተጥሎ ብልሽቱ በቦታው ይቀራል።

ለዚህ ጉዳይ ታላቅ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነው ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ከ2004 እስከ 2012 ባሉት የሞዴል ዓመታት የሠራቸውን ማሊቡን፥ ፖንቲያክ ጂ ስድስትንና ሳተርን ኦራን የመሳሰሉ 2.4 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ለጥገና ጠራ። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የፍሬን መብራቱ ላይበራ፥ ፍሬን ሳይያዝም ሊበራ ይችል ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር ከቦዲ ኮምፒዩተሩ ጋራ በሚገናኘው ሶኬት ውስጥ የተፈጠረ ዝገት ሆኖ ተገኘ። የተሰጠውም መፍትሔ ሶኬቱን በሚገባ አጥብቆ መያዝና ዝገት የሚከላከል ልዩ ቅባት መቀባት ነበር። እነዚያ ሁሉ ሣጥኖች በአዲስ ተለውጠው ቢሆን ኖሮ የሚባክነውን ገንዘብ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ጠንቃቃ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስቀድሞ ባትሪውን ይለካል፤ ሞተሩ በጠፋበት ጊዜ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያልና። ቀጥሎ ፊውዞቹን፥ ሪሌዎቹንና ከመኪናው ብረት ጋራ የተያያዙትን የማሳ ገመዶች ይመረምራል። ከዚያም ሶኬቶቹን ነቅሎ አረንጓዴ ዝገት ወይም እርጥበት መኖሩን ያያል፤ ከፊት መስተዋት ጠርዝ የሚገባ የዝናብ ውሃ በዳሽቦርድ ሥር ያለውን ሣጥን ሊያበላሽ ይችላልና። በመጨረሻም ባትሪው ተነቅሎ በፈጣኑ የካን መስመር ሁለት ገመዶች መካከል ሲለካ 60 ኦም ያህል መገኘት አለበት፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎች የተተከሉት መቋቋሚያዎች እያንዳንዳቸው 120 ኦም ናቸውና። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ሣጥኑ ሥራውን ካልሠራ ያን ጊዜ መለወጡ ተገቢ ይሆናል።

መልኩ አንድ፥ ጠባዩ ልዩ ልዩ

ሁለት ሣጥኖች በመልክ፥ በሶኬትና በመጠን ፍጹም አንድ ሆነው ሳለ አንዱ በሌላው ቦታ ላያገለግል ይችላል። ሣጥኑ በውስጡ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉትን የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፥ የቁልፎቹን ምስጢር፥ መኪናው ምን ምን ዕቃ እንደተገጠመለት የሚገልጽ ዝርዝርና በአንዳንድ ሞዴሎችም የተጓዘውን ኪሎ ሜትር መዝግቦ ይይዛል። አዲሱ ሣጥን ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ በኮምፒዩተር መሣሪያ መሞላት አለበት። ከሌላ መኪና የተፈታው ደግሞ የቀድሞውን መኪና ማንነት እንደያዘ ይመጣል፤ በአንዳንድ ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ይህ ሊሰረዝ ሲቻል በሌሎች ላይ ግን አይቻልም።

አገጣጠሙም ሥርዓት አለው። አሮጌው ሣጥን ጨርሶ ካልሞተ በውስጡ ያለው መዝገብ ከመነቀሉ በፊት በመሣሪያ ተነብቦ ይቀመጣል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ መሞላቱ እስኪፈጸም ድረስ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኀይል ያስፈልጋል፤ ባትሪው በመካከል ቢደክም አዲሱ ዕቃ ገና ሥራ ሳይጀምር ሊበላሽ ይችላል። ቁልፎቹም ሁሉ በአንድነት መቅረብ አለባቸው፤ በብዙ መኪናዎች ላይ በምዝገባው ጊዜ ያልቀረበ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ሞተር አያስነሣም።

ለአስመጪና ለባለ ሱቅ የሚገባው ጥንቃቄ

በመርካቶ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ ከተፈቱ መኪናዎች የሚወጣ ዕቃ ለብዙ ባለ መኪና ታላቅ ረድኤት ነው፤ የአዲሱን ዋጋ የሚችለው ሁሉም አይደለምና። ችግሩ የሚመጣው ሻጩ «ይሠራል» ብሎ፥ ገዢውም አምኖ ከተለያዩ በኋላ ነው። መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ ይሰነብታል፤ ዕቃው ይመለሳል፤ ክርክር ይነሣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፥ ጥንቃቄው ከሽያጩ በፊት መሆን ይገባዋል።

አስመጪው ለውጭ አገር ሻጭ ትእዛዝ ሲልክ የመኪናውን ስምና ዓመት ብቻ መጻፍ አይበቃውም፤ የሻንሲውን ቁጥርና በአሮጌው ሣጥን ላይ የታተመውን ሙሉ ቁጥር፥ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ሳይቀር፥ መላክ አለበት። ከዚህም ጋራ ያን ሣጥን የሚሞላ መሣሪያና ሠራተኛ በአገር ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ፥ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ በመደርደሪያ ላይ በሚቀር ዕቃ አይታሰርበትም።

ባለ ሱቁ በበኩሉ አሮጌው ሣጥን ሳይቀርብለት አዲሱን ባይሸጥ ይመረጣል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ከየትኛው መኪና እንደተፈታ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሕጋዊ መሠረት የሌለውንም ዕቃ ከመግዛት ይቈጠብ፤ የቁልፍ ምስጢር የያዘ ዕቃ ከተሰረቀ መኪና የወጣ እንደሆነ ባለ ሱቁን ወደ ተጠያቂነት ሊያደርሰው ይችላል። የመመለሻው ውልም በጽሑፍ ይሁን፤ ዕቃው ከመሞላቱ በፊት መመለስ እንደሚቻልና ከተሞላ በኋላ ግን ምን እንደሚሆን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ይወቁት።

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉትን መኪናዎች ጠግኖ ማቈየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በእነርሱ ፋንታ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ መብራትና በር ያላቸው፥ ይህንኑ የመሰለ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ስለዚህ የዚህ ዕቃ ፈላጊ ከዓመት ወደ ዓመት መብዛቱ አይቀርም። ከገበያው የሚጠቀመውም ዕቃውን፥ የሚሞላውን ሠራተኛና እውነተኛውን መግለጫ አንድ ላይ ማቅረብ የቻለ ነጋዴ ነው።