ባልጭት፦ ማሳዋ ራሱ ቅርስ የሆነባት መንደር

ከሰበታ ዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ወንዝ ላይ ሲደርስ መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። ከዚያ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብላ የምትገኘውን የባልጭት መንደር ግን ብዙዎች ሳያውቋት ያልፋሉ። ቅርሷ ግንብ ወይም ሐውልት ሳይሆን በማሳ ላይ የተበተነ ጥቁር፣ አንጸባራቂ ድንጋይ ነው።

ስሟም የድንጋዩ ስም ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ አለት ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። ሲመታ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፤ ጠርዙም ምላጭን ያስንቃል። በላይኛው አዋሽ ይኖሩ የነበሩ ቀደምት የሰው ዘሮች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ መሣሪያ ሠርተውበታል። በአካባቢው በሲምቢሮ የተገኘው የባልጩት መጥረቢያ መሥሪያ ሥፍራ 1.2 ሚሊዮን ዓመት አስቆጥሯል። በአገራችን ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ደግሞ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ይፍቁ ነበር።

መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኒው ዴልሂ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ችግሩ ያለው ግን ከምዝገባው በኋላ ነው። ለገበሬው ባልጩት እግር የሚቆርጥ፣ ከማሳ ተለቅሞ ሊጣል የሚገባው ድንጋይ ነው፤ ይህንንም ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ለተመራማሪው ግን የድንጋዩ ዋጋ ግማሹ ያረፈበት ቦታ ነው። ስባሪው ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣና ከምን ጋር እንደተገኘ ካልታወቀ ዕድሜውን መናገር ያዳግታል። ተለቅሞ ከተከመረ በኋላ ያ መረጃ አይመለስም።

በሰው እጅ የተሠራውን ስባሪ መለየት ይቻላል። ከተመታበት ጠርዝ ሥር ትንሽ እብጠት ይታያል፤ ከእርሷም ውኃ ላይ ጠጠር እንደተጣለ ያለ ሞገድ ይዘረጋል። ማረሻ የሰበረውም አንዳንዴ ይህንኑ ስለሚመስል ገጹን ማስተዋል ይረዳል፦ አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል፣ የጥንቱ የደበዘዘ ነው።

ጉድጓድ ሲቆፍር ወይም መሠረት ሲያወጣ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ሳያነሣው ባለበት ጠብቆ እንዲያሳውቅ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያዝዛል። በቅርብ የሚገኘው የባህል ወይም የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጥቆማውን ያስተላልፋል። ከከተማ ለጉብኝት የሚሄደውም ቢሆን ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ስባሪ በኪሱ ይዞ መመለስ የለበትም።