ከአንድ ወረቀት የሚነሣ ቤት



ከትርፍ ጊዜ መዝናኛዬ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። ጃፓናዊው የኪነ ሕንጻ መምህር ማሳሂሮ ቻታኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ጥበብ፣ አንድን ወረቀት በመሰንጠቅና በማጠፍ ብቻ ሕንጻ ያቆማል።

ወረቀቱ መካከሉ ላይ ሲታጠፍ ላዩ ግድግዳ፣ ታቹ ወለል ይሆናል። ቁመቱ 5፣ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቤት፣ ከመካከለኛው መስመር 5 ወደ ላይ፣ 3 ወደ ታች የሚደርሱ ሁለት ትይዩ ስንጥቆች በምላጭ እናወጣለን። የጣሪያው ጠርዝ ከስንጥቁ አናት 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታጠፋል። በመጀመሪያ ሙከራዬ መካከለኛው መስመር ላይ አጠፍሁት፤ ወረቀቱም ሲዘጋ ተጨማደደ። ጣሪያው ከወለሉ ጥልቀት፣ የፊቱ ገጽ ከግድግዳው ቁመት ጋር እኩል መሆን ነበረበትና።

ዋናው ፈተና በእንጅባራና በዳንግላ ገጠር የምናውቀው ክብ ጎጆ ነው። ይህ ስልት ቀጥታ መስመር ይወዳል። ግድግዳውን በጠባብ ሰቆች ከፍዬ ለእያንዳንዱ የራሱን ጥልቀት ስሰጥ ግን ግማሽ ክቡ ተነሣ። ባለ አራት ማዕዘኑ የቆርቆሮ ቤት አንድ ሰዓት፣ ጎጆው ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ስለዚህ አደራዬ፤ የጎጆውን ልክ ስንመዘግብ፣ መሣሪያችን የሚቀለውን መርጦ ክቡን እንዳያስረሳን።