ጉጉትን በቀን ብርሃን ስለ መፈለግ

የጉጉት ድምፁ እንጂ መልኩ ባገራችን ሰው ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ ሌሊት ሲጮኽ ሰምቶ ያላማተበ ወይም «አዑዙ ቢላህ» ያላለ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ወፍ ቀን የት ይውላል ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ አይገኝም። እኔ በዕረፍት ቀኖቼ በሀብሩ ዛፍ ለዛፍ እየዞርሁ የተመለከትሁትን፣ ከመጻሕፍት ካገኘሁት ጋራ አድርጌ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ጉጉት ሁሉ ቀን በዋሻ ይደበቃል የሚባለው ልክ አይደለም። ብዙዎቹ የሚውሉት ሰው በሥሩ በሚያልፍበት ዛፍ ላይ ነው፤ የማይታዩት ላባቸው የዛፍ ልጥ ስለሚመስል ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው በግራር ላይ የሚውለውና ቁመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላው ትንሹ ጉጉት ነው። ሰው ሲቀርበው ቶሎ አይበርም፤ ይልቁንም ሰውነቱን ወደ ላይ ስቦ ያቀጥናል፣ በራሱ ላይ ያሉትን ሁለት የላባ ቀንዶች ያቆማል፣ ቢጫ ዓይኑ እንዳያጋልጠው ጨፍኖ ቀጭን መስመር ብቻ ያስቀራል። ያን ጊዜ የተሰበረ የግራር ጉማጅ እንጂ ወፍ ነው የሚለው የለም። ቀንዶቹም ጆሮ አይደሉም፤ እውነተኛው ጆሮ ከላባው በታች ተሸፍኖ ይገኛል።

እንግዲህ መፈለግ ያለበት ወፉ ሳይሆን ምልክቱ ነው። በመጀመሪያ ከዛፉ ሥር መሬቱን መመልከት ነው። እንደ ኖራ የነጣ ኩስ ካለ፣ አጠገቡም አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ እንክብል ከተገኘ፣ ጉጉት ቅርብ ነው። ጉጉት ያደነውን ሳያኝክ ይውጣል፤ ጠጕሩና አጥንቱ ስለማይፈጭለት በሆዱ ውስጥ ጠቅልሎ በአፉ ይተፋዋል። ሁለተኛው ምልክት የትንንሽ ወፎች ጫጫታ ነው። ባንድ ቅርንጫፍ ዙሪያ ተሰብስበው ሲንጫጩ ጠላታቸውን ማግኘታቸው ነው። (እባብም ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ እግር ሥር ማየት ያሻል።) ከዚያ በኋላ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ግንዱን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ በዓይን መከተል ነው። ዛፉን መዞር አያስፈልግም። ጉጉት ዓይኑ ከጎድጓዳው ውስጥ ስለማይንቀሳቀስ አንገቱን እስከ 270 ዲግሪ ያዞራል፤ የሰው የአንገት አጥንት 7 ሲሆን የርሱ 14 ነው። ስለዚህ እርሱ ራሱ ፊቱን ያዞርልናል።

በወንዝ ዳር ባሉ ትልልቅ ሾላዎችና ዋርካዎች ላይ ከ60 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ግራጫ ጉጉት ይገኛል። የዓይኑ ቆብ ሮዝ ስለ ሆነ፣ ሲያንቀላፋ የሚያጋልጠው ይኸው ነው። ፊቱ ነጭ የሆነው ደግሞ በጣራና በገደል ስንጥቅ ያድራል፤ አንዱ ጆሮው ከሌላው ከፍ ያለ ስለ ሆነ በድቅድቅ ጨለማ አይጥን በድምፁ ብቻ ይይዛል። በሐበሻ ስም የሚጠራ ጉጉትም አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 በሳይንስ መጽሐፍ የተመዘገበ ነው። እርሱ ግን የደጋ ደን ወፍ ነውና በሀብሩ ቆላ አይፈለግም።

በመርሳ ዙሪያ ማሽላ ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወፍ ይጠብቃሉ። ወንጭፉ እህል ለሚበላው ወፍ ነበር፤ ነገር ግን ጉጉት ከታየ፣ መርዶ ነጋሪ ነው ስለሚባል፣ ድንጋዩ የሚወረወረው ወደ እርሱ ነው። ከአንድ ዋርካ ሥር የለቀምሁትን እንክብል በእሾህ በትኜ ስመረምር ያገኘሁት የአይጥ መንጋጋ ከነጥርሱ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ መንጋጋውን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያም ማማ ላይ የነበረውን ልጃቸውን ጠርተው አሳዩት። እኔ እንደሚመስለኝ ጉጉት ወደ ጣራችን የሚመጣው በጎተራችን አይጥ ስላለ ነው። ለአይጥ መርዝ የሚያኖሩም ይህን ቢያስቡ መልካም ነው፤ የተመረዘውን አይጥ የበላ ጉጉት አብሮ ይሞታልና።

ጉጉት ያገኘ ሰው ቦታውን ለወንጭፈኛ አይንገር፤ ጫጩት ባለበት ወራትም ወደ ጎጆው አይውጣ። ወፉ ሰውነቱን ካቀጠነ ፈርቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ዝም ማለት ይገባል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ላባውን አላልቶ አንድ ዓይኑን ይከፍታል።