የመውቂያ ማሽን ቺንጋ አቀያየር

በወረኢሉ ደጋ የስንዴና የገብስ ክምር ውቂያ በሚጠብቅበት ወቅት ቺንጋ ቢበጠስ ሥራው ይቆማል፤ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብም ምርቱን ያበላሻል። ስለዚህ ቺንጋውን ውቂያ ከመጀመሩ በፊት ይመርምሩ።

ጎኑ ከተሰነጠቀ ወይም አልቆ የፑሊውን የቦይ ወለል ከነካ ይቀየር። ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ጎኖቹ ነው፤ ወለሉን ከነካ ይንሸራተታል።

አቀያየሩ፦

1. ሞተሩን ያጥፉ፤ ፑሊው መሽከርከሩን እስኪያቆም ይጠብቁ።
2. የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች አላልተው ሞተሩን ወደ መውቂያው ያስጠጉ። ቺንጋውን በካቻቪቴ እየፈለቀቁ ማስገባት የውስጡን ክር ይበጥሳል።
3. ጎን ለጎን የሚሠሩትን ቺንጋዎች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። አሮጌው ስለሚለጠጥ ጭነቱ አዲሱ ላይ ብቻ ይወድቃል።
4. በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ሲባጎ ወጥረው መስመራቸውን ያስተካክሉ።
5. ሞተሩን መልሰው በማራቅ ቺንጋውን ይወጥሩ። በፑሊዎቹ መካከል 60 ሴ.ሜ ካለ፣ መሐሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴ.ሜ ገደማ ይርገብ።
6. ብሎኖቹን አጥብቀው መከለያውን ይመልሱ። አዲስ ቺንጋ ስለሚላላ ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ውጥረቱን እንደገና ይዩ።

ማሳሰቢያ፦ ቺንጋውን ቅባት አያስነኩት። ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሰው ወደሚዞር ቺንጋ አይጠጉ፤ የተበላሸ ቺንጋ ይተካል፣ የተቆረጠ ጣት ግን አይተካም።