ሞሊብዲነምና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ

ሞሊብዲነም ለመቅለጥ ከ2,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት የሚፈልግ ብርማ ብረት ሲሆን፣ ሌሎች ብረቶችን የሚበላው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንኳ በተለመደው የክፍል ሙቀት እምብዛም አይነካውም። ይኸው ጽኑ ብረት፣ ሳስቶ ሲበጠበጥ ለቁስል ማጠቢያ በሚውለው በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ፣ በተለይም ከመቶ 30 እጅ በሆነው የቤተ ሙከራ ብጥብጥ ውስጥ ሲገባ፣ ጥቂት ቆይቶ አረፋ እያወጣ ይሟሟል።

ብረት የሚሟሟው ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ሲያገኝ ነው። ሞሊብዲነም ኤሌክትሮኖቹን ለአሲድ በቀላሉ አይለቅም፤ ፐርኦክሳይድ ግን ሁለቱ የኦክሲጅን አቶሞቹ የተያያዙበት ማሰሪያ ደካማ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮን ነጥቆ ወደ ውሃ ይለወጣል። አንድ የሞሊብዲነም አቶም ስድስት ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ ቢያንስ ሦስት የፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎች ያስፈልጉታል። በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ፣ ማለትም የብረቱና የኦክሲጅን ውህድ፣ ብረቱን እንደ ካባ ሸፍኖ ሲጠብቀው፣ የሞሊብዲነም ኦክሳይድ ግን ከተረፈው ፐርኦክሳይድ ጋር ተጣምሮ ስለሚሟሟ አዲስ የብረት ገጽ ያለማቋረጥ ይጋለጣል። ፈሳሹ በዚህ ጊዜ ቢጫ ይሆናል፤ ፐርኦክሳይዱ አልቆ ብረቱ ከተረፈ ደግሞ፣ ከአቶሞቹ ከፊሉ አምስት፣ ከፊሉ ስድስት ኤሌክትሮን ያጡበት ደማቅ ሰማያዊ ውህድ ይፈጠራል።

ሂደቱ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱም ሂደቱን መልሶ ስለሚያፋጥነው፣ የሟሟው ሞሊብዲነምም ፐርኦክሳይዱ ወደ ውሃና ኦክሲጅን እንዲፈርስ ስለሚያግዝ፣ የደቀቀ ዱቄት በአንድ ጊዜ መጨመርም ሆነ ዕቃውን ከድኖ መተው ለፍንዳታ ያጋልጣል።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ሕሙማንን ያገለግላል። ለአጥንትና ለልብ ምርመራ የሚውለው ጨረር አመንጪ ቴክኒሺየም-99ኤም ለረጅም ዘመን የተገኘው በኒውክሌር ማብላያዎች ከሚመረተው ሞሊብዲነም-99 ሲሆን፣ በካናዳ ቾክ ሪቨር የሚገኘው ማብላያ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲቆም በብዙ አገሮች እጥረት ተከሰተ። የካናዳ ተመራማሪዎችም ሳይክሎትሮን በተባለው የቅንጣት ማፍጠኛ ሞሊብዲነም-100ን በፕሮቶን መምታትን አማራጭ አደረጉ። የተመታው ብረት በፐርኦክሳይድ ይሟሟና ቴክኒሺየሙ ይለያል። ፐርኦክሳይድ ሲፈርስ ከውሃና ከኦክሲጅን በቀር ባዕድ ነገር አለመተዉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በተፈጥሮ ሞሊብዲነም ውስጥ ከመቶ አሥር እጅ የማይሞላው ውድ ሞሊብዲነም-100 ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላልና። ፍጥነቱም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል፤ ቴክኒሺየም-99ኤም በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሟሟቱ አንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር ከመቶ 11 እጅ ያህሉ ይጠፋል።